መሰንቆው ጫጫታ አይደለም

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ የሠርግ ካሴት ያላስቀመጠ ቤት ጥቂት ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ወደ ፍላሽ እንዲገለበጥ ነው፤ ባለቤቱም አንድ ቃል ሳይጨምር አይወጣም፤ «ስትገለብጠው ደግሞ አጥራልኝ።» ማጥራቱ ግን ሶፍትዌር በመጫን ሳይሆን በማጥፋት ይጀምራል።

ኮምፒዩተሩ ሳይጠየቅ ድምፅ ያሳምራል። ዊንዶውስና የድምፅ ካርዱ ድራይቨር ተባብረው ንግግርን ከጀርባው ጫጫታ ለመለየት ይሞክራሉ። ለስልክ ጥሪ ጥሩ ነው። መሰንቆ ሲሰማ ግን ግራ ይጋባል፤ የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ሲፈተግ የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ እንደ ማራገቢያ ጫጫታ ቆጥሮ ይውጠዋል። ስለዚህ በድምፅ መቼቱ ውስጥ ያሉትን ማሻሻያዎች ሁሉ አስቀድሜ አጠፋለሁ። ገመዱንም ከሮዙ የማይክ ቀዳዳ ነቅዬ ሰማያዊው ላይ እሰካለሁ። ሮዙ ደካማ ድምፅ ለማጉላት የተሠራ ስለሆነ የቴፕ ድምፅ ሲገባበት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀን የሚጠግን ሶፍትዌር ደግሞ እኔ አላየሁም።

የማጥሪያ ፕሮግራሙን የመጫኑ ጣጣ አጭር ነው። ተጨማሪው ፕላግኢን ያለ ችግር ተጭኖ ፕሮግራሙ ውስጥ ካልታየ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ 32 ቢት ሌላው 64 ቢት ሆኖ ነው። ድምፁ ከተንተባተበ ካርዱ 48000 ሄርዝ ላይ፣ ፕሮግራሙ 44100 ላይ መሆን አለመሆኑን አያለሁ። «አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚል በፍላሽ የሚዞር ክራክ አልነካም፤ የድምፅ ማቀናበሪያው ኦዳሲቲ በነፃ እያለ ምን አስቸገረኝ?

ትልቁ ሥራ ጉርምርምታው ነው። ካሴቱን እያጫወትኩ ፖዝ አደርጋለሁ። ቴፑ ቆሞም ከቀጠለ ጥፋቱ የገመዴ ወይም የመሬት መስመሩ ነው። አብሮ ከቆመ ግን በቀረጻው ዕለት ከመብራት የገባ ነው፤ እሱን ቶሎ አላጠፋውም። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል። ጉርምርምታው በስፔክትረሙ ላይ 48.5 ካነበበ ካሴቱ በ3 በመቶ ያህል ዘግይቶ እየተጫወተ ነው ማለት ነው፤ ላስቲኩ ላልቷል ወይም ሞተሩ ደክሟል። ፍጥነቱን ከዚያ አስተካክዬ ነው ጉርምርምታውን የምቆርጠው። በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ የተቀረጸ ካሴት ይህ ምልክት የለውም፤ እዚያ በጆሮ መፍረድ ነው።

3 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የግማሽ ድምፅ ግማሽ ነው። በአምባሰል ቅኝት ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ረጅም ዝላይ ይከተላል። ቅኝቱን ከትዝታ የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነው። ካሴቱ በዘገየበት ልክ ሁሉም ድምፆች በኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃሉ። በዚህ ላይ ድምፅን ወደ ቅርቡ ቁልፍ የሚያርም ሶፍትዌር ሲከፈት አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ይጎትታል፤ ያ ጠባብ እርምጃ ወይ ይጠፋል ወይ ይሰፋል። ፍጥነቱ ተስተካክሎም ቢሆን አራሚውን አልከፍትም። በማሪቱ ለገሠ አምባሰል ጆሮውን የገራ ሰው የድምፁን መንሸራተት ይጠብቃል፤ ሶፍትዌሩ መንሸራተቱን እንደ ስህተት ደረጃ በደረጃ ይቆራርጠዋል።

የቀረው የቴፑ ሽሽታ ነው። ፕሮግራሙ ጫጫታውን ለማወቅ ዝም ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ሠርግ ላይ ዝምታ ከየት ይመጣል? ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ካለው ባዶ ቴፕ ናሙና እወስድና 6 ዴሲቤል ያህል ብቻ እቀንሳለሁ። ከ12 ሲያልፍ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ናሙናው የቴፑን ሽሽታ እንጂ የዳሱን ጫጫታ ስለማይዝ ጭብጨባውም እልልታውም ባለበት ይቀራል። እልልታውን አጥፋልኝ ያለኝ ደንበኛ ደግሞ እስካሁን የለም።