ሠላሳ ደቂቃ፣ በበረዶ ላይ

ከለጋሽ የወጣ ሳንባ የሚጓዘው እንደተነፋ ነው። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ፈሳሽ በደም ቅዳው በኩል ሰደው ያጥቡታል፤ ቀጥለው በደም መልሱ በኩል ወደ ኋላ ይደግሙታል። ከዚያ ኦክስጅን ያለበት አየር እንደያዘ የአየር ቧንቧውን ይዘጉታል። ልብም ኩላሊትም ይህን ዕድል አላገኙም፤ አየር ይዞ መጓዝ የሳንባ ብቻ ነው። ይህችን ዕድል አስተውለው የተጠቀሙባትን ሰዎች ከልቤ አደንቃለሁ።

እኛ ንቅለ ተከላን የምናውቀው በኩላሊት ነው። ከጉንደ ወይን የተነሳ ሕመምተኛ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገባል፤ ሥራው እዚያ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ነው። ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ስለሆነ ኩላሊቱ ያለ ደም የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው። የሳንባ ለጋሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕይወቱ ያለፈ ሰው ነው፤ ሌላ ከተማ ሊሆንም ይችላል። ሳንባው ለሰዓታት በቅዝቃዜ ይቆያል።

ጉዳቱ የሚብሰው ታዲያ ደም ሲመለስ ነው። በየሕዋሱ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያ ኦክስጅን ተርበው ቆይተው ድንገት ሲያገኙ ጎጂ ቅንጣቶችን ይለቃሉ፤ የደም ሥሮች ግድግዳ ያፈሳል፣ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል።

በቦስተን ሕፃናት ሆስፒታል ጄምስ ማክከሊና ባልደረቦቹ ያመጡት መላ ጤነኛ ሚቶኮንድሪያ ከሌላ ቦታ ወስዶ መስጠት ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ያሰኛል። ከጡንቻ ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። በማሽን ይደቅቃል፣ ፕሮቲን የሚፈታ ኤንዛይም ይጨመርበታል፣ በረዶ ላይ ይቀመጣል። ቀጥሎ ይጠለላል፤ መጀመሪያ ቀዳዳው 40 ማይክሮን በሆነ ማጣሪያ፣ በመጨረሻ 10 ማይክሮን በሆነው። አንዱ ሚቶኮንድሪያ 1 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ያልፋል፣ የጡንቻው ጭረት ይቀራል። ከዚያ በቀዝቃዛ ሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል። ቅል ሲናጥ ቅቤው ወደ ላይ እንደሚወጣ እዚህም ይለያል፤ ብቻ የተፈለገው ከሥር ይዘቅጣል። ይህ ሁሉ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ሕዋሱ መሰበር አለበት፣ በውስጡ ያለው ግን መሰበር የለበትም። እጅ ከበዛበት ይፈርሳል፣ ከዘገዩም ይደክማል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ይኸው ቡድን ደም ተቋርጦ በተመለሰለት የአይጥ ሳንባ ላይ ሁለት መንገድ ሞከረ፤ አንዱ በደም ሥር፣ ሌላው በኔቡላይዘር። አስም የተነሳበት ሰው ድንገተኛ ክፍል የሚያጠልቀውን ጭምብል ያየ ሁሉ ይህን መሣሪያ ያውቀዋል። በሁለቱም መንገድ ጉዳቱ ቀነሰ። እኔን የማረከኝ ኔቡላይዘሩ ነው፤ ሳንባ በተፈጥሮው ክፍት በር አለው፣ እነሱም በዚያው ገቡ።

የሚጠራጠሩ ሳይንቲስቶች አሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ሚቶኮንድሪያ ካልሲየም በበዛበት ደም ውስጥ እንዴት ሳይጎዳ ይቆያል? ወደ ሕዋሱ የሚገባውስ ስንቱ ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 የቦስተኑ ቡድን ልባቸው የደከመ 5 ሕፃናትን በሚቶኮንድሪያ እንዳከመ ቢዘግብም፣ በ5 ሰው ብቻ ፍርድ አይሰጥም።

ለሳንባ ግን መሞከሪያ ቦታ አለ። የስዊድኑ ስቲግ ስቴን ያስጀመረው፣ የቶሮንቶ ሐኪሞችም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምረው ያስፋፉት መሣሪያ ሳንባን ከሰውነት ውጭ በ37 ዲግሪ ያስተነፍሳል። ሐኪሙ ኦክስጅኑን ይለካል፣ ግፊቱን ያያል፤ ሳንባው ካላገገመ የማንም ደረት ሳይከፈት ይተወዋል።