«ቄ»

ልንገራችሁና ይውጣልኝ! ከናቫሆዎች አገር ከተመለስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በዚሁ ወሬ አደንቁሬ ጨርሻለሁ፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው። የሄድኩት ለበጎ ፈቃድ ሥራ፣ ለአቅመ ደካሞች እንጨት ልፈልጥና ውሃ ላመላልስ ነበር። የተመለስኩት አንዲት ፊደል ይዤ ነው። አንዲት!

ናቫሆ ሲባል በካውቦይ ፊልም የሚመጣባችሁን እርሱት። እነሱ ራሳቸውን ዲኔ ነው የሚሉት፤ «ሕዝቡ» እንደ ማለት። ምድራቸው ከአሪዞና፣ ከኒው ሜክሲኮና ከዩታ እየቆረሰ ወደ 71,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ፕሬዚዳንት፣ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ የራሳቸው አላቸው። ሰዓታቸው እንኳ ለብቻው ነው፦ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ከቀረው አሪዞና በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ፣ በመሐላቸው የሚኖሩት ሆፒዎች ደግሞ የአሪዞናን ይከተላሉ። አብረውኝ የሄዱት ስልካቸው በየመንገዱ ሰዓት ሲቀያይርባቸው ግራ ተጋቡ። በሐበሻና በፈረንጅ ሰዓት ሲደናበር ላደገ ሰው ግን ይሄ ምኑም አይደል።

ያረፍነው ቺንሊ አጠገብ ነው። ከሦስት ቤት አንዱ ገደማ የቧንቧ ውሃ የለውም (አዎ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው የማወራችሁ)፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በፒካፕ ላይ ሮቶ ጭነን እንወጣለን፣ ከቤት ቤት በርሜል እንሞላለን፣ ከሰዓት በኋላ ጥድ እንፈልጣለን። እጄ ውሃ ቋጠረ። ይሁን።

የመጀመሪያው ቤት ሆጋን የሚሉት ባለ ስምንት ማዕዘን የግንድ ቤት ነበር፣ በሩ ወደ ምሥራቅ የዞረ፤ ጎህ ሲቀድ ፀሐይ በደጅ እንድትገባ ነው። አንዲት አያት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ከየት መጣህ፣ ምን ትሠራለህ የለም። በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት የጠየቁኝ የማን ወገን እንደሆንኩ ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀድመው የራሳቸውን ነገሩን፦ በመጀመሪያ የእናታቸውን ጎሳ፣ ቀጥሎ የአባታቸውን፣ ከዚያ የእናታቸውን አባት፣ በመጨረሻ የአባታቸውን አባት። ልጅ የእናቱ ጎሳ ነው፤ ለአባቱ ጎሳ ደግሞ «ተወለደለት» ይባላል። የእሳቸው «መራራ ውሃ» የሚባለው ነው፦ ቶዲጪኒ።

አሁን ስሙኝ! አብረውኝ ያሉት በጎ ፈቃደኞች ቃሉን ሊደግሙት ታገሉ። «ቶዲቺኒ» አሉ። «ቶዲኪኒ» አሉ። ተራዬ ሲደርስ እኔ ዝም ብዬ «ቶዲጪኒ» አልኩ፣ ጨርቆስ ወይም ጨው እንደምል። አያትየዋ እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉ። እንደገና በል አሉኝ። ጨ! ጠ! ጸ! ቀ! ፈረንጅ ዕድሜ ልኩን ቢለማመድ የማይወጣለት ድምፅ ሁሉ እዚያ፣ በዚያ ቀይ በረሃ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር! ሰላምታቸው «ያአጤህ» ነው፣ ቅርጫታቸው «ጻእ»። ቋንቋው ከአማርኛ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ ዘመዶቹ አላስካና ካናዳ ድረስ ነው ያሉት፤ ያም ሆኖ ጉሮሯችን ተገናኘ። ልኩራራ ስል ግን ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲል ትርጉሙ የሚለወጥ ቋንቋ መሆኑ ታወቀ፤ እዚያ ላይ እንደ ሁሉም ተኮላተፍኩ።

የልጅ ልጅየዋ በብዕር መዳፏ ላይ አንድ ቃል ጻፈችልኝ፤ በላቲን ሁለት ፊደል፣ አንድ ጭረት ከጎን፣ አንድ ጭረት ከላይ ይፈልጋል። እኔ ከሥሩ በአንድ ምት ጻፍኩት፦ ቄ። ዝምድና ማለት ነው። ዝምድና ብቻ ግን አይደለም፦ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ጎሳቸውን ቆጥረው እህት፣ አያት ወይም ልጅ ሆነው ይገኛሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠራሩት በዚያው ነው፣ የሚተዛዘኑትም እንደዚያው። ከአንድ ጎሳ መጋባት ነውር ነው፤ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ይህንን ቋንቋ የሚናገሩ ሕፃናትን የአሜሪካ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይቀጡ እንደነበር ሳስብ ደሜ ይፈላል። ያው መንግሥት በ1942 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 29 የዲኔ ወጣቶችን መልምሎ በዚሁ ቋንቋ የጦር ምስጢር አስቀመረ። ታንክ «ኤሊ» ሆነ፣ ሰርጓጅ መርከብ «የብረት ዓሣ»፣ የእጅ ቦምብ «ድንች»። ጃፓኖች ሊፈቱት አልቻሉም፤ እስከ 1968 ድረስም በምስጢር ተያዘ።

ምግቡን ልለፈው አልኩና አልቻልኩም። ከሰማያዊ በቆሎ የሚሠራ ገንፎ አለ፤ የጥድ ቅጠል አቃጥለው አመዱን በውሃ በጥብጠው ያጠሉና ይጨምሩበታል። ግራጫ ቡኒ ነው፣ መልኩ አያምርም፣ ሽታው ግን ዝናብ የመታው መሬት! ሦስት ሳህን በላሁ። እየበላን ስለ ቀበሮው ተረት ንገሩኝ ብዬ ለመንኩ፤ ስለ አታላዩ ቀበሮ ተረታቸው ብዙ ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። መስከረም ነበር፤ ተረት በክረምት ብቻ፣ እባቡና ድቡ ሲተኙ ነው የሚነገረው። ጊዜ የሚጠብቅ ተረት! እስካሁን አልሰማሁትም፣ ለዚሁ ብዬ በጥር ልመለስ ነው።

ያበደውን ያቆየሁት ለመጨረሻ ነው። ሕፃን ተወልዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ፣ ያሳቀው ሰው ድግስ ይደግሳል። ጎረቤት ቤት ደረሰልን። ያሳቀው አጎት ነበር፣ ሲያስነጥስ ባርኔጣው ወልቆ አፍንጫው ላይ ወርዶበት። በግ ታረደ። ሦስት ወር የሆነው ልጅ በእናቱ ክንድ ላይ ሆኖ፣ እጁን ይዘውለት፣ ለእንግዳ ሁሉ ከምግቡ ጋር ጨው አደለ፤ ቸር እንዲሆን ነው። አንዲት የጨው ቅንጣት ከዚያች ላብ ካላት ትንሽ መዳፍ ተቀብዬ ምላሴ ላይ አደረግሁ። አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

በማግስቱ ሌላ ጎረቤት ገና ያልሳቀች ልጇን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችብኝ። ልጅቷ አተኩራ አየችኝ። ፊቴን ኮስተር አደረግሁ። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ አያትየዋ በጣት ሳይሆን እንደ ልማዳቸው በከንፈር ወደ እኔ ጠቁመው አንድ ነገር አሉ።

«በግ አለህ ወይ? እያሉህ ነው» አለችኝ የልጅ ልጃቸው።