ደም መጣጩ እስከ አጥሩ ድረስ፦ ቡዳ፣ ድራኩላና የጂዛን መንገድ

ስለ ቫምፓየር የሚጻፍ ሂስ አብዛኛውን ጊዜ ከካርፓቲያን ተራሮች ይነሣል። ይህኛው የሚነሣው ከሐረድ ነው። ሐረድ በሰሜን ምዕራብ የመን፣ የሳውዲ ዐረቢያዋ ጡዋል ትይዩ ያለች የጠረፍ ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ከ2015ቱ የየመን ጦርነት በፊት ከኦቦክና ከቦሳሶ ባሕር ተሻግረው ወደ ሳውዲዎቹ ሳምጣ፣ አቡ አሪሽና ጂዛን የሚያመሩ ኢትዮጵያውያን የሚሰባሰቡባት ነበረች። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ዘገባ እንደዘረዘረው፣ በከተማዋ ዙሪያ አጋቾች ስደተኞችን በታጠረ ግቢ አስገብተው ያሰቃዩ ነበር፤ ማስለቀቂያውን የሚከፍለው ደግሞ ዘመድ ነው። ሰው በሕይወት ተይዞ፣ ሥቃዩ በገንዘብ እየተመነዘረ ሌላው የሚኖርበት ሥርዓት ነው። ሥነ ጽሑፍ ለዚህ ዓይነቱ አኗኗር ያዘጋጀው ገጸ ባሕርይ ደም መጣጩ ነው። ጥያቄው የትኛው ደም መጣጭ የሚለው ነው። የእኔ መልስ፣ የጂዛንን መንገድ የሚያስነብበን የብራም ስቶከሩ ካውንት ድራኩላ ሳይሆን የእኛው ቡዳ ነው፤ ቡዳም ቢሆን የሚያደርሰን እስከ ድንበሩ አጥር ብቻ ነው የሚል ነው።

በ1897 የታተመው «ድራኩላ» ከሩቅ አገር መጥቶ የለንደንን ደም የሚያረክስ ባዕድ ታሪክ ሆኖ መነበቡ የተለመደ ነው። ይህ ንባብ ለጂዛን ጉዳይ እጅግ ምቹ ይመስላል፤ አውሬውን ዐረብ፣ ተበዪውን ሐበሻ አድርጎ ይገላግላልና። ልቦለዱ ራሱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ጆናታን ሃርከር ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚሄደው ካውንቱ እንግሊዝ ውስጥ ለሚገዛው ቤት ውል ይዞ ነው፤ ሥራው በእኛ አነጋገር የደላላ ሥራ ነው ቢባል ብዙም ድፍረት አይሆንም። ካውንቱም ከቤቱ ሰዎች አንዱ መጀመሪያ ሳይጋብዘው ደጃፍ መርገጥ አይችልም። በኋላ ሃርከር በቢላ ሲሰነዝርበት ከተቀደደው ልብስ የሚዘረገፈው ወርቅና የባንክ ኖት ነው። ጣሊያናዊው ሃያሲ ፍራንኮ ሞሬቲ ድራኩላን የካፒታል ምስል አድርጎ ያነበበው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ማርክስም ከስቶከር 30 ዓመት ቀድሞ፣ በ1867፣ ካፒታልን የሕያዋንን ድካም ከሚመጥ ቫምፓየር ጋር አመሳስሎታል። ምሳሌው እኛም ዘንድ ደርሷል። በአብዮቱ ዘመን መፈክርና ጋዜጣ ውስጥ ባላባቱም ከበርቴውም «ደም መጣጭ» ነበሩ፤ ቃሉ ያኔ የሚያመለክተው ጠላትን ስለነበር ጣት መቀሰሪያ ከመሆን አልፎ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ የማሳየት ጉልበት አላገኘም።

ቡዳ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቡዳ ባሕር አይሻገርም፤ ጎረቤት ነው። ገበያ ላይ አብሮን ይውላል፣ ማዕድ ላይ ዓይኑ ያርፍብናል፣ ያደነቀውን ይበላል። ከአውሮፓ ደም መጣጮች ለቡዳ የሚቀርበው ድራኩላ ሳይሆን የደራሲው ሌ ፋኑዋ ካርሚላ ናት፤ በ1872ቱ ታሪክ ካርሚላ በእንግድነት ገብታ፣ በወዳጅነት ከርማ፣ ያቀፈቻትን ልጅ ነው የምትመጠው። የቡዳ ትረካ ግን ካርሚላም ያልደረሰችበት ቦታ ይደርሳል። ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 ስለ አማራ የቡዳ እምነት ባሳተመው ጥናት እንደመዘገበው፣ ቡዳው የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ፣ ነፍስ ዘርቶበት፣ በቤቱ ለዓመታት በባርነት ያሠራዋል፤ እንግዳ ሲመጣ በበትር መትቶ ወደ ዕቃ ይለውጠዋል፤ እንግዳው ሲሄድ እንደገና ሰው ያደርገዋል። ቶም ቦይልስተን በ2018 ስለ ዘጌ በጻፈው መጽሐፍ የቡዳን ፍርሃት ከገበያና ከባሪያ ንግድ ትዝታ ጋር ማያያዙ በዚህ ላይ ሲደመር፣ ቡዳ ከምቀኝነት እምነትነት አልፎ የጉልበት ዝርፊያ ንድፈ ሐሳብ ሆኖ ይታያል። የስቶከር ካውንት ደም ጠጥቶ ይተኛል። ቡዳ ሬሳውን ሥራ ያስገባዋል።

ይህን ይዘን መንገዱን እንየው። ከወሎ፣ ከራያ፣ ከትግራይ፣ ከአርሲ ወይም ከጅማ የሚነሣ ወጣት የመጀመሪያ ደላላ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ቋንቋውን ይናገራል፣ ቤተሰቡን ያውቃል፣ ማን በሬ እንዳለው፣ ማን ሳውዲ ውስጥ እኅት እንዳለችው ያውቃል። ኋላ አጋቹ የሚመጠው ይህንኑ ዝምድና ነው። ቡዳ የበላው ሰው ጠበል ላይ ወይም ጭስ ሲታጠንበት ይለፈልፋል፣ የበላውን ስም ይጠራል፣ በዚህም ይድናል ተብሎ ይታመናል። በዐረብኛ ሆሽ በሚባለው ግቢ ውስጥ ግን መለፍለፉ ተገልብጧል፤ ታጋቹ ተገርፎ የሚያወጣው የበላውን ሰው ስም ሳይሆን የወንድሙን ስልክ ቁጥር ነው። ጩኸቱ መዳኛ መሆኑ ቀርቶ አዲስ ተበዪ መጥሪያ ሆነ። ተሻግሮ የደረሰውም ቢሆን፣ መኖሪያ ፈቃድ ሳይኖረው ተደብቆ ይሠራል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ዕቃ እንደሚሆነው ባሪያ ከዓይን ይሰወራል፤ በኅዳር 2013 በተጀመረው አፈሳ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ሲመለሱ ስንቱ በዚህ ሁኔታ ይኖር እንደነበር ያኔ ታየ።

በዚህ ንባብ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ ቡዳ ጥርስም የሬሳ ሣጥንም የለውም የሚለው አይደለም፤ እሱ የአልባሳት ጉዳይ ነው። ከባዱ፣ ቡዳነት የስንት ሰው ሕይወት ያበላሸ ክስ መሆኑ ነው። ሐጋር ሰሎሞን በ1999 ስለ ቤተ እስራኤል ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ ጅብ ይሆናሉ የተባሉት ርስት የተነፈጉ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ስሙ የተለጠፈው ገንዘብና ሥልጣን በሌለው ላይ ነው። ደላላውን ቡዳ ብሎ መጥራት ይህንኑ በደል መድገም ይሆናል ቢባል እውነት አለው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቡዳን ሰው መለያ አድርጌ አልወስደውም፤ ዝምድና እንዴት ገንዘብ እንደሚሆን የሚያሳይ የትረካ ሥሪት ነው። ስሙን በአንድ ደላላ ላይ ለጥፎ ማለፍማ የበለጠ ያሳስታል። ኢትዮጵያ በ2013 የሠራተኛ ጉዞን ስታግድ ሕጋዊው በር ተዘጋ፣ የሕገ ወጡ አሻጋሪ ገበያ ግን አልተዘጋም፤ ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር ሲያስር የኖረው የከፋላ ሥርዓትም ደላላው የፈጠረው አይደለም። ያኔ የመንደሩ ደላላ ቢታሰር ኖሮ የአሻጋሪው ገበያና ከፋላው በቦታቸው ይቀጥሉ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ንባቡን በትክክል የሚያቆመው ነው፦ እውነተኛ ሬሳ ባለበት ምሳሌ መደርደር ለምን? ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ መንገዱ ከሐረድ ወደ ሳዳ ተራሮች ዞረ፤ በሚያዝያ 2020 የሁቲ ኃይሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ወደ ድንበሩ ገፉ፣ የሳውዲ ጠባቂዎች ተኮሱባቸው፣ ከተረፉት ብዙዎቹ በጂዛን አውራጃ በአል ዳይርና በሌሎች እስር ቤቶች ታጎሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ይፋ ባደረገው ዘገባ ደግሞ፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በከባድ መሣሪያና በቅርብ ተኩስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ አስፍሯል፤ 42 ሰዎችን አነጋግሮ፣ ከ350 በላይ ቪዲዮና ፎቶግራፍ ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳክሮ ነው። የሳውዲ መንግሥት ክሱን መሠረተ ቢስ ብሎታል። ለሃያሲ ወሳኙ ነገር ይህ ነው፦ ደም መጣጭ ሁሉ፣ ቡዳም ድራኩላም፣ ከተበዪው የሚፈልገው ነገር አለ፤ በዚህም ምክንያት ለጊዜው ያኖረዋል። የሐረድ አጋች ታጋቹ ሞቶበት ከሆነ ከስሯል። በሞርታር ተራራ የሚደበድብ ጠባቂ ግን ከአካሉ የሚመጥ ነገር የለውም፤ ጉልበቱንም፣ ገንዘቡንም፣ ዝምድናውንም አይፈልግም። እዚያ ላይ የቫምፓየርን ስም መጠቀም ለግድያው ያልነበረውን ረሃብ መስጠት፣ ትእዛዝ የሰጠውንም በአውሬ መጋረጃ መሸፈን ይሆናል።

የጂዛንን መንገድ በአማርኛ ልቦለድ የሚጽፍ ደራሲ እንግዲህ ቡዳውን ከመንደሩ አንሥቶ በቦሳሶ፣ በባሕሩ፣ በሆሹ ውስጥ ሊከተለው ይችላል፤ ትረካው በዚያ ሁሉ ይሸከመዋል። በሳዳው ድንበር ከአል ራቁና ከአል ሳቢት የስደተኞች ሰፈሮች በላይ ያለውን ቁልቁለትና አቀበት ግን በሌላ ብዕር ነው የሚጽፈው፦ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የምስክሩን ቃል በሚመዘግብ ብዕር፣ ወንጀሉን የፈጸመው ደመወዝተኛ ሰው መሆኑን ለአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ሳያስረሳ።