ሁለት ጊዜ የተጠረበ ድንጋይ

በጌዴኦ ምድር ከሚገኙት የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች መካከል ሁለት ጊዜ የተጠረቡ አሉ። መጀመሪያ፣ ከዲላ ከተማ ብዙም እንደማይርቁት የጨልባ ቱቱቲ ድንጋዮች፣ የወንድ ብልት ቅርጽ የወጣላቸው ድቡልቡል ዐምዶች ነበሩ። ኋላ ሌላ ጠራቢ መጥቶ ዐይን፣ አፍንጫና ክንድ አወጣላቸውና ሰው ሆኑ።

የጠራቢ እጅ የሚለካው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ድንጋይ ላይ መጨመር አይቻልም፤ መቀነስ ብቻ ነው። አፍንጫው እንዲወጣ ጉንጩ መውረድ አለበት፤ ዐምዱ ግን አንዴ ተጠርቦ ያለቀ ስለሆነ ብዙ ከተነካ ይሰልላል። ሁለተኛው ጠራቢ ይህን ዐውቆ ቆጥቦ ሠርቷል። ፊቱ ከድንጋዩ የሚነሣው ለጥቂት ነው፤ ክንዶቹ በስሱ ተኝተዋል፤ ገላውን የሚሞሉት መስመሮች ከመቀረጽ ይልቅ የተጠለፉ ይመስላሉ። በቀትር ፀሐይ ግማሹ ይጠፋል። ማየት የፈለገ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሂድ።

እንዲህ ያለው ሥራ ካሜራን ያታልላል። ጀርመናዊው የባህል አጥኚ አዶልፍ የንዘን እ.ኤ.አ. በ1934–35 የፍሮቤኒየስን ተቋም ቡድን ይዞ ደቡብ ኢትዮጵያ ሲመጣ አልፍ ባይርለ የሚባል ሠዓሊ አብሮት ነበር። ደግ አደረገ። ሠዓሊ እያንዳንዱን መስመር ከማስፈሩ በፊት «ይህ የሰው እጅ ነው ወይስ የዝናብ?» ብሎ መወሰን አለበት፤ ካሜራ ይህ ጣጣ የለበትም።

የንዘን እ.ኤ.አ. በ1899 በኪል ተወለደ። ከጉዞው የተገኘውን መጽሐፍ በ1936 አሳተመ፤ የጌዴኦን ሕዝብና የገዳ ሥርዓቱንም ጻፈበት። ሚስቱ የአይሁድ ዝርያ ስለነበራት የናዚ መንግሥት ገፋው። ከጦርነቱ በኋላ ግን ተቋሙን እስከ ሕልፈቱ፣ እስከ 1965 መራ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም ወደ ደቡባችን ተመልሷል።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ይለኛል። የመጽሐፉ ንዑስ ርእስ የደቡብን ሰዎች የሕዝቦች ስብርባሪ አድርጎ ያቀርባል። ቱቱ ፈላ ላይ ግን የኋለኛው ጠራቢ የቀደመውን ድንጋይ አላፈረሰም፤ ሥራውን ቀጠለበት እንጂ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም ትክሎቹ ብቻቸውን አልገቡም፤ ገበሬው ዛሬም በዛፍ ጥላ ሥር ከሚያለማው እንሰትና ቡና ጋር ነው።