የአፍላ ወጣቶች የአካል ብቃትና ብግነት፦ የሄሌና ጥናት ማስረጃ እስከ የት ያደርሳል?

የአፍላ ወጣቶች የአካል እንቅስቃሴ በደም ውስጥ ከሚገኙ የብግነት ጠቋሚዎች ጋር ስላለው ዝምድና ሲነሳ በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ «ሄሌና» በመባል የሚታወቀው የአውሮፓ ጥናት ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 አቴንስን፣ ሮምን፣ ቪየናንና ስቶክሆልምን ጨምሮ በአሥር ከተሞች የተካሄደ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ12.5 እስከ 17.5 ዓመት የሆኑ ከ3,000 በላይ ወጣቶችን አካቷል። ከእነዚህም ውስጥ ከሦስት አንድ ያህሉ የደም ናሙና ሰጥተዋል።

የጥናቱ ዋነኛ ብርታት የመለኪያዎቹ ጥራት ነው። እንቅስቃሴ በመጠይቅ ብቻ ሳይወሰን ወገብ ላይ በሚታሰር መመዝገቢያ መሣሪያ ለሰባት ቀናት ተለክቷል፤ የልብና የሳንባ ብቃት ደግሞ በ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ የዓለም ተማሪዎች 81 በመቶ የሚሆኑት በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም የተባለው ግምት እንኳ በተማሪዎቹ የራስ ቃል ላይ የተመሠረተ መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ ብርታት ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ከመለኪያው ጥራት የድምዳሜው ጥንካሬ በቀጥታ አይከተልም። ብቃታቸው የላቀ ወጣቶች የሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን (ሲአርፒ) መጠናቸው ዝቅ ብሎ መገኘቱ በዚህ መስክ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ የሰውነት ስብ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ ግን ዝምድናው ብዙውን ጊዜ ይዳከማል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የስብ ሕዋስ ኢንተርሉኪን-6 ያመነጫል፣ ጉበትም በዚሁ ምልክት ተነሳስቶ ሲአርፒን ይሠራል። በሌላ በኩል በሥራ ላይ ያለ ጡንቻም ራሱ ኢንተርሉኪን-6ን ይለቃል፤ ይህም ብግነትን የሚያበርደውን ኢንተርሉኪን-10ን ይጨምራል። ስለሆነም ይኸው ንጥረ ነገር እንደ ምንጩና እንደ ሁኔታው የተለያየ ትርጉም ይይዛል።

ከሁሉም በላይ ጥናቱ ወጣቶቹን በአንድ ወቅት ብቻ የተመለከተ በመሆኑ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ሊያሳይ አይችልም። ሲአርፒ በጉንፋን እንኳ በሰዓታት ውስጥ የሚጨምር ጠቋሚ ነው። በዚህም የተነሳ በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች መጠኑ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ ከትንተናው ይወጣል። ለተመራማሪው ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። በጤና ጣቢያ ለተቀመጠው ባለሙያ ግን ከትንተናው የወጣው ወጣት ዋናው ታካሚ ነው።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ የበለጠ ይከብዳል። ሲሮጥ ቶሎ የሚደክም፣ መገጣጠሚያውን የሚያመውና ሲአርፒው ከፍ ያለ ተማሪ ሲቀርብ፣ የብቃቱ ማነስ የብግነቱ ምክንያት ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል። የሲአርፒ መጨመር ለሩማቲክ ትኩሳት ምርመራ በሚያገለግሉት የጆንስ መስፈርቶች ውስጥ ከንዑሳን ምልክቶች አንዱ ነው። የሳንባ ነቀርሳና ወባም ይህንኑ ጠቋሚ ከፍ ያደርጋሉ። ልቡ ሳይደመጥና ታሪኩ ሳይጠየቅ «ስፖርት ሥራ» ተብሎ የሚሸኝ ልጅ የልቡ ቫልቭ እየተጎዳ ሊመለስ ይችላል።

ይህ ሁሉ የአካል እንቅስቃሴን ጥቅም አይቀንስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆኑት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ምክሩም በልብ፣ በአጥንትና በአእምሮ ጤና ላይ በተገኙ ማስረጃዎች ጭምር የቆመ ነው። እንግዲህ ለጤነኛው ወጣት እንቅስቃሴን ለመምከር የሲአርፒ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሲአርፒው ከፍ ላለው ደግሞ እንቅስቃሴን ከመምከር በፊት ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። የሄሌና ጥናት ያነሳው ጥያቄ የሚመለሰው ወጣቶችን በዕጣ መድቦ፣ ደማቸውን ደጋግሞ በመመርመርና ተላላፊ በሽታ በሚበዛባቸው አገሮችም ጭምር በሚደረጉ ጥናቶች ነው።