ሁለት እጅ ሰማይ፣ አንድ እጅ ምድር

በሄግ ከተማ፣ ማውሪትስሃውስ በተባለው ሙዚየም ውስጥ፣ ቁመቱ 55.5 ወርዱ 62 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። ብብት ሥር ተይዞ ሊወሰድ የሚችል ነው። ይህች ትንሽ ሸራ ግን አንድ ሙሉ ከተማ፣ ከከተማው ፊት የተንጣለለ ሜዳ፣ በሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ሠራተኞችና ከሁሉም በላይ ደመና የሚግተለተልበት ሰፊ ሰማይ ይዛለች። ሠዓሊው ሆላንዳዊው ያኮብ ቫን ራውስዳል ነው። የሳለው ከ1670 እስከ 1675 ባሉት ዓመታት ውስጥ እንደሆነ ይታመናል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሚያሳየውም የትውልድ ከተማውን ሃርለምንና ከከተማዋ ውጭ የነበሩትን የጨርቅ ማንጫ ሜዳዎች ነው።

የመልክዓ ምድር ሥዕል እንዴት ራሱን ችሎ እንደቆመ ማወቅ የሚሻ ሰው፣ ብዙ አዳራሽ ከመዞሩ በፊት በዚህች ሥዕል ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆም ይጠቀማል። የዘርፉ ትልቁ ሙያ ተራራና ዛፍ ማስመሰል አይደለም። ብርሃንን መጥኖ ማደል ነው። ራውስዳል ይህን ሙያ እዚህ ላይ ከጫፍ አድርሶታል።

መጀመሪያ አድማሱ የት ላይ እንደዋለ እንይ። ከግርጌ አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ለምድር ሰጥቶ፣ የቀረውን ሁለት እጅ ለሰማይ ለቆታል። ሆላንድ ተራራ የላትም። ሜዳማ አገር የሚስል ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ጎን ወደ ረዘመ ሸራ ነው፤ ራውስዳል ግን ቁመቱና ወርዱ የሚቀራረብ ሸራ መረጠ። ምርጫው ድፍረት አለበት፤ ምክንያቱም ከአድማሱ በላይ የተረፈውን ያን ሁሉ ባዶ ቦታ ሞልቶ ክብደት መስጠት የሠዓሊው ዕዳ ይሆናል። እሱም ዕዳውን በደመና ከፈለ። ተራራ በሌለበት አገር ከፍታን ከደመና ገነባ።

ደመናዎቹን ጠጋ ብሎ ለሚያያቸው፣ እያንዳንዳቸው ራስም ሆድም አላቸው። ፀሐይ የሚያገኘው ጫፋቸው በነጭ ደምቋል፤ ሆዳቸው ደግሞ ግራጫ ነው፤ በነጩና በግራጫው መካከል ያለው ሽግግር አንድ ቦታ ቁርጥ ያለ፣ ሌላ ቦታ የተድበሰበሰ ነው። በየመካከላቸው ሰማያዊው ይታያል፤ ነገር ግን በቁጠባ ነው የተሰጠው። ከላይ፣ ከተመልካቹ ራስ አቅራቢያ ያሉት ደመናዎች ትልልቅ ናቸው። ወደ አድማሱ እየወረዱ ሲሄዱ እያነሱ፣ እየሳሱ፣ ወደ ጎን እየተጋደሙ ይመጣሉ። መንገድ ወደ ሩቅ ሲሄድ እየጠበበ እንደሚታየን ሁሉ፣ የራውስዳል ሰማይም ይርቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምድርን ማራቅ የቻሉ ብዙ ሠዓሊያን ሰማይን ከጀርባ እንደተሰቀለ መጋረጃ ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። እዚህ ላይ ግን ሰማዩ ከእኛ በላይ ተነሥቶ ከተማዋን አልፎ ይሄዳል።

አሁን ዓይናችንን ወደ ምድሩ እናውርደው። ደመናዎቹ እዚያ ላይ ጥላቸውን ጥለዋል። ከፊት ለፊት ያለው መሬት ጠቆር ያለ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ብርሃን የወደቀበት ሜዳ ይመጣል፤ ከዚያ ዛፎቹ እንደገና ያጠቁሩታል፤ ከዛፎቹ ማዶ ሌላ የብርሃን ሰቅ ብልጭ ይላል፤ እንዲህ እያለ እስከ ከተማዋ ይዘልቃል። ብርሃንና ጥላ እየተፈራረቁ ዓይንን ደረጃ በደረጃ ይወስዱታል። በዚህች ስንዝር በማትሞላ ከፍታ ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚመስል ርቀት የተገኘው በመስመር ሳይሆን በዚህ መፈራረቅ ነው። ዋናው ብልሃት ደግሞ ይህ መፈራረቅ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው። ሜዳው የበራው ከላይ ደመናው ስለተከፈተ ነው፤ የጠቆረውም ስለተዘጋ ነው። ሰማዩ ያዝዛል፣ ምድሩ ይታዘዛል። ተመልካቹ ይህን ቆም ብሎ ባያሰላውም ዓይኑ ያምነዋል፤ ደመናው ትንሽ ቢገፋ አሁን የበራው እንደሚጨልም፣ አሁን የጨለመው እንደሚበራ ይሰማዋል። ባልተንቀሳቀሰ ሸራ ላይ የሚንቀሳቀስ ቀን ማኖር ማለት ይህ ነው።

ብርሃኑ በተለይ የወደቀበት ሜዳ የሃርለምን ዝና የሠራው ነው። ከተማዋ በዘመኑ የተልባ እግር ጨርቅ በማንጣት የታወቀች ነበረች። ጨርቁ በአመድ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በአሬራ ይታሻል፣ ከከተማዋ አጠገብ ካሉት የአሸዋ ኮረብታዎች በሚወርደው ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያም ሣር ላይ ተዘርግቶ ውሃ እየተረጨበት ለሳምንታት ፀሐይ ይመታዋል። ወንዝ ዳር ታጥቦ ሣር ላይ የተሰጣ ጋቢ ያየ ሰው ያ ነጭ ከአረንጓዴው ላይ ተነሥቶ ዓይን ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ያውቃል። ራውስዳል የፈለገው ይህንኑ ነው። ረጃጅሞቹን ጨርቆች አንድ በአንድ አልዘረዘራቸውም፤ ቀጫጭን የነጭ ሰቆች ሆነው ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ወደ ሩቅ በሄዱ ቁጥርም እየጠበቡ ይሰበሰባሉ። በዚህ አንድ ነገር ሦስት ሥራ ሠራ። የከተማዋን ሙያ አሳየ፤ የሜዳውን ጠፍጣፋነትና ጥልቀት ለካ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የደመናውን ነጭ ምድር ላይ አወረደው። ላይ ያለው ነጭና ታች ያለው ነጭ እየተያዩ ሥዕሉን አንድ አድርገው ይይዙታል።

በጨርቆቹ መካከል የሚሠሩት ሰዎች ከብሩሽ ጫፍ ጠብ ያሉ ነጥቦች ናቸው። ፊት የላቸውም። ነገር ግን አንዱ እንዳጎነበሰ፣ ሌላው እንደቆመ ይለያል። የአንጪዎቹ ቤቶች ጣሪያ ቀይ ነው፤ በአረንጓዴና በግራጫ መካከል የተቀመጠው ይህ ጥቂት ቀይ ሜዳውን ያሞቀዋል። ትንሽ ቢጨመርበት ዓይንን ቀምቶ ያስቀር ነበር፤ ጨርሶ ቢቀር ደግሞ ሥዕሉ ይቀዘቅዝ ነበር። ልክን ማወቅ በሙያ ውስጥ ምን ያህል ትልቅ ቦታ እንዳለው በዚህ ጣሪያ ላይ ይነበባል።

አድማሱ ላይ ታላቁ የቅዱስ ባቮ ቤተ ክርስቲያን ከቤቶቹ ሁሉ በላይ ብቅ ብሏል። ከዚያ ውጭ በመስመሩ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ግንቦችና የነፋስ ወፍጮዎች ናቸው። በዚህ ረጅም ጋዳም መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ዋናው ነገር ቤተ ክርስቲያኑ ስለሆነ፣ ምድርንና ሰማይን የሚያስተሳስር ችንካር ሆኗል። ራውስዳል በ1682 ሲሞት የተቀበረው በዚያው በቅዱስ ባቮ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሜዳ ላይ ተቀምጦ የተሠራ አይደለም። ሠዓሊው ከከተማዋ ወጣ ብለው በሚገኙት፣ በኦቨርቬን አካባቢ ባሉት የአሸዋ ኮረብታዎች ላይ ሆኖ በጥቁር ጠመኔ ንድፍ ያነሣ ነበር። ሸራውን የሳለው ግን ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ኑሮው አምስተርዳም ነበር። በዚያ ዘመን ቀለም ተፈጭቶ በዘይት የሚለወስ ነገር ነው። የዘይት ቀለምን በቆርቆሮ ቱቦ አሽጎ በቀላሉ ወደ ሜዳ ይዞ መውጣት የተቻለው አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ በ1841 ቱቦውን ካስመዘገበ በኋላ ነው። ስለዚህ ያ ሕያው ሰማይ የተሠራው ከንድፍ፣ ከትዝታና ከዕውቀት ነው። ራውስዳል ደመና እንዴት እንደሚቆምና እንዴት እንደሚያጠላ ጠንቅቆ ባያውቅ ኖሮ፣ በአራት ግድግዳ መካከል ተቀምጦ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር።

ራውስዳል እዚህ የደረሰው ብቻውን አይደለም፤ ከእሱ በፊት ረጅም መንገድ ተሄዷል። መልክዓ ምድርን ከሁሉ አስቀድመው ትልቅ ሥዕል ያደረጉት ቻይናውያን ናቸው። የጉዎ ሺ «የጸደይ መባቻ» በ1072 ሐር ላይ በቀለም ውሃ የተሣለ ሲሆን፣ ዛሬ በታይፔይ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛል። በአውሮፓ ግን መልክዓ ምድር ለረጅም ጊዜ የቅዱሳንና የነገሥታት ታሪክ የሚቆምበት ጀርባ ብቻ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአንትወርፑ ዮአኪም ፓቲኒር ቅዱሳኑን እያሳነሰ ዓለቱን፣ ወንዙንና ባሕሩን አሰፋ። ጀርመናዊው አልብሬኽት ዱረር በ1521 ጎበኘውና በማስታወሻው ላይ ጥሩ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ብሎ መዘገበው። ፓቲኒር ግን አድማሱን ከፍ አድርጎ ይሰቅለዋል። ዓለምን ከተራራ ራስ ላይ ሆነን እንድናይ ያደርገናል፤ ከፊት ቡናማ፣ ከመሃል አረንጓዴ፣ ከሩቅ ሰማያዊ አድርጎ በሦስት ይከፍለዋል። ብዙ ያሳያል፤ አየር ግን ያጥረዋል።

አድማሱ የወረደው በአመዛኙ እዚያው በሃርለም ነው። ሆላንድ ፕሮቴስታንት ስትሆን ቤተ ክርስቲያኖቿ የመሠዊያ ሥዕል ማዘዝ ተዉ፤ ሠዓሊያኑም ለነጋዴውና ለባለሙያው ቤት፣ ለገበያ መሣል ያዙ። ገዢው ደግሞ የራሱን አገር ማየት ወደደ። በ1610ዎቹ ኤሳያስ ቫን ደ ቬልደ ተመልካቹን ከተራራው አውርዶ መንገድ ዳር አቆመው። ተማሪው ያን ቫን ጎየን ከዚያ ቀጠለ። የቫን ጎየንን ሥራ በቅርብ ማየት ሌላ ደስታ ነው። የኦክ ጣውላ ላይ ስስ ቡናማና ግራጫ ቀለም በፍጥነት ያለብሳል፤ ቀለሙ ከመሳሳቱ የተነሣ የእንጨቱ ጅማት ከሥር ይታያል፤ እሱም ያንን ጅማት የወንዝ ሞገድና የእርጥብ አየር አካል ያደርገዋል። በጥቂት ቀለም አንድ የጉም ቀን ይሠራል። ራውስዳል ከእነዚህ ሰዎች ዝቅ ያለውን አድማስ ወረሰ፤ አጎቱ ሳሎሞንም ከነሱ አንዱ ነበር። እሱ በበኩሉ የጨመረው ክብደትን ነው፤ ቀለሙን መለሰ፣ ጥላውን አጠነከረ፣ ደመናውን አካል አለበሰው።

እንዲህ ያለ ሥራ እየተሠራ ሳለ የዘመኑ ሊቃውንት ዘርፉን ዝቅ አድርገው ይመዝኑት ነበር። ፈረንሳዊው አንድሬ ፌሊቢያን በ1667 የሥዕል ዘርፎችን በማዕረግ ሲደረድር የታሪክና የሃይማኖት ሥዕልን ከላይ አስቀመጠ፤ መልክዓ ምድር ሰውን ከሚያሳየው ሥዕል በታች ዋለ። የማንጫ ሜዳዎቹ ሥዕል ለዚህ መልስ ይመስለኛል። ነጥብ የሚያካክሉ ሰዎች የሚሠሩበት ሜዳ፣ በአግባቡ ሲሣል፣ የየትኛውንም የጦር ሜዳ ሥዕል ያህል ሐሳብ ይሸከማል። የሰው ሙያ፣ የሰው ቤት፣ የሰው ጸሎት በአንድ ሰማይ ሥር ተቀምጧል፤ ለሰውም መጠኑ ተነግሮታል።

ይህን በሚገባ ያነበበው እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል ነው። ኮንስታብል የወፍጮ ባለቤት ልጅ ነበር፤ በወጣትነቱ ወፍጮ ቤት ሠርቷል። የነፋስ ወፍጮ የሚያሠራ ሰው ሰማይን ካላነበበ ሥራው ይበላሽበታል። በ1821 እና በ1822 ለንደን አጠገብ በሃምፕስተድ ከፍታ ላይ ሆኖ በርካታ ትንንሽ የደመና ጥናቶችን በዘይት ቀለም ሣለ፤ በብዙዎቹ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ጻፈ። በእነዚህ ጥናቶች ላይ የብሩሹ እርምጃ ይታያል፤ ደመናው ሳያልፍበት ለመያዝ የተጣደፈ፣ ግን ያልተሳሳተ እጅ ነው። በዚያው በ1821 ለዕይታ ያቀረበው «የድርቆሽ ጋሪ» በአገሩ ገዢ አላገኘም፤ በ1824 ፓሪስ ላይ ግን የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። በ1832 የራውስዳልን አንድ የክረምት ሥዕል ቁጭ ብሎ ገለበጠ። በ1836 ደግሞ በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ መልክዓ ምድር ሥዕል ታሪክ ተከታታይ ንግግር አደረገ፤ ሥዕል መሣልም እንደ ተፈጥሮ ምርምር ሊታይ እንደሚገባው ተከራከረ። በራሱ ዝና ላይ የነበረ ሠዓሊ የሌላውን ሸራ ከመገልበጥ አለመቦዘኑ፣ ራውስዳል ምን ያህል ጥልቅ መምህር እንደነበረ ያስረዳል።

ይህን የምጽፈው አንባቢ የትኛውም የመልክዓ ምድር ሥዕል ፊት ሲቆም፣ በሙዚየምም ይሁን በሰው ሳሎን፣ የሚጠይቀው ነገር እንዲኖረው ነው። አድማሱ የት ተሰመረ? ብርሃኑ ከየት መጥቶ ማን ላይ ወደቀ? ለምድሩ ጥላ ሰማዩ ምክንያት ይሰጣል? ሠዓሊው ምን አሳነሰ፣ ምንስ ተወ? «ያምራል» ብሎ ማለፍ ለሥራው የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም። እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ወደ ሃርለም ሜዳ የሚመለስ ሰው፣ በ62 ሴንቲ ሜትር ወርድ ውስጥ አንድም ቦታ በዘፈቀደ እንዳልዋለ ያያል፤ ሠዓሊውንም ማድነቅ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።