ለጀብዱ የሚከፈል ገንዘብ፦ ከዓባይ ሸለቆ እስከ ዶሮ ማነቂያ

እስኪ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። “አሳሽ” ሲባል ፊታችሁ ድቅን የሚለው ማን ነው? ለብዙዎቻችን ትልቅ ቦርሳ ያዘለ፣ ጢሙ ያደገ፣ በጎማ ጀልባ ፏፏቴ የሚወርድ ወይም ዳሎል ጨው ላይ ካሜራ ደግኖ የቆመ ሰው ነው። ፒያሳ ውስጥ ሜትር ይዞ የጭቃ ግድግዳ የሚለካ ተማሪ ግን ትዝ አይለንም። ለአሰሳ ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች ማስታወቂያ ላይም ብዙ ጊዜ የምናየው ያንኑ ባለ ጀልባውን ነው።

ዛሬ ልተች የፈለግኩት ይህንን ነው። ፋውንዴሽኖች ለጀብዱ ጉዞ ገንዘብ መስጠታቸውን አይደለም፤ እሱስ ጥሩ ነገር ነው። ቅሬታዬ ገንዘቡን ለመስጠት በሚጠይቁት ጥያቄ ላይ ነው። “ማን ቀድሞ ይደርሳል?” የሚለው ጥያቄ አሁንም ይማርካቸዋል። ለሳይንስ የሚጠቅመው ግን “ማን ተመልሶ ይሄዳል? ምን ለክቶስ ይተውልናል?” የሚለው ነው። ይህን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የራሳችን ዓባይ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከዓባይ ሸለቆ የተወለደ ማኅበር

እ.ኤ.አ. በ1968 ክረምት አንድ ትልቅ የእንግሊዞች ቡድን ዓባይን በጀልባ ለመውረድ ተነሣ። መሪው ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተባለ የጦር መኮንን ነበር። ጉዞውን የፈለጉት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ ከደጋፊዎቹ አንዱ “ዴይሊ ቴሌግራፍ” የተባለው የለንደን ጋዜጣ ነበር። ልብ በሉ፤ ጋዜጣ ለጉዞ ሲከፍል የሚገዛው ታሪክ ነው። ታሪኩም አልጠፋም፦ ሙላት፣ የተገለበጡ ጀልባዎች፣ በመጨረሻም ወንዝ ሲሻገር ሕይወቱ ያለፈ አንድ የቡድኑ አባል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1969፣ ብላሽፎርድ-ስኔልና ጓደኞቹ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን በአማርኛ ብንመልሰው “የሳይንሳዊ አሰሳ ማኅበር” ይሆናል። ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ፤ ለአሳሾችም ሽልማትና የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። እንግዲህ በዓለም ላይ ለአሰሳ ገንዘብ ከሚሰጡት ድርጅቶች አንዱ መነሻው የእኛው ዓባይ ሸለቆ ነው ማለት ነው።

ጉዞው ባዶ ጀብዱ ብቻ ነበር ብል ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ከቡድኑ ውስጥ ዴሪክ ያልደን የሚባል የእንስሳት ተመራማሪ ነበረበት። ያልደን ጀልባዎቹ ከተመለሱ በኋላም ኢትዮጵያን አልተዋትም። ከማልኮልም ላርገንና ከዲተር ኮክ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን አጥቢ እንስሳት ዝርዝር በተከታታይ አሳተመ፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1974፣ ስድስተኛው በ1986። ዛሬ በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ደን ውስጥ በያልደን ስም የምትጠራ አይጥ አለች። በላርገን ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ እንቁራሪትም አለ።

አስተዋላችሁ? ጋዜጣው ላይ የወጣው የጀልባው ታሪክ ነበር። የአገራችንን እንስሳት ለማወቅ የጠቀመን ግን ከዚያ በኋላ ያለ ጭብጨባ የተሠራው የአሥራ ምናምን ዓመት ሥራ ነው።

አንድ ቀን የታየ ወንዝ

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ነገሩን በቁጥር ባሳያችሁ ይቀለኛል።

አንድ ወንዝ ስንት ውሃ እንደሚያፈስ ለማወቅ የውሃውን ወርድና ጥልቀት ለክታችሁ የመስቀለኛ ስፋቱን ታገኛላችሁ፤ ከዚያ በውሃው ፍጥነት ታባዛላችሁ። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ወርዱ 50 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ከሆነ ፍሰቱ በሰከንድ 400 ሜትር ኩብ ነው።

አሁን ሁለት አሳሾች ወደ ዓባይ ሄዱ እንበል፤ ሁለቱም ሱዳን ድንበር አካባቢ አንድ ቀን ብቻ ለኩ። አንዱ የሄደው በነሐሴ ነውና በሰከንድ 5000 ሜትር ኩብ አገኘ። ሌላው በሚያዝያ ሄዶ 200 አገኘ። ሁለቱም ቁጥሮች በየወቅታቸው ዓባይ ላይ ከሚታየው አይርቁም። በዓመት ውስጥ 31.5 ሚሊዮን ሰከንድ ገደማ አለ። አባዙት። የመጀመሪያው “ዓባይ በዓመት 158 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያፈሳል” ሊል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ “6 ቢሊዮን ብቻ ነው” ሊል። እውነቱ በአማካይ ወደ 50 ቢሊዮን ገደማ ነው።

ሁለቱም ደፋሮች ናቸው፣ ሁለቱም በትክክል ለክተዋል፣ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። የጎደላቸው ጀግንነት ሳይሆን መመላለስ ነው። ወንዝ የሚታወቀው ዳር ላይ በተተከለ ባለ ቁጥር ዘንግ የውሃውን ከፍታ በየዕለቱ፣ ለዓመታት፣ የሚያነብ ሰው ሲኖር ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ሥራም በዓባይ ላይ ተሠርቷል፤ ያውም ከእንግሊዞቹ ጀልባ በፊት። የአሜሪካ መንግሥት የውሃ ልማት መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ ጋር በመሆን የዓባይን ተፋሰስ ለዓመታት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ሪፖርቱን አወጣ። ካራዶቢን፣ መንዳያንና ድንበር አካባቢ ያለውን ቦታ ለግድብ ይሆናሉ ብሎ ያመለከተው ይህ ጥናት ነው። ይህ የመጨረሻው ቦታ ዛሬ የሕዳሴ ግድብ የቆመበት አካባቢ ነው። ገንዘቡ ግን የመንግሥታት እንጂ የጀብዱ ፋውንዴሽን ገንዘብ አልነበረም። በማለዳ ወጥቶ የውሃ ከፍታ ያነበበውን ሰው ስም የሚያውቅስ ማን አለ? በስሙ የተሰየመች አይጥ እንኳ የለችም።

“ምስጢር” ለማን?

እ.ኤ.አ. በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ዓባይን ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ በጀልባ ወረዱት፤ በ114 ቀናት ከ5,200 ኪሎ ሜትር በላይ። በጉዞው ላይ ለግዙፍ ስክሪን የተሠራ ፊልምም ወጣ። ጀግንነታቸውን አልክድም፤ እኔ ብሆን የመጀመሪያው ፏፏቴ ላይ እወርድ ነበር። የፊልሙ ርዕስ ግን ይከነክነኛል፦ “የናይል ምስጢር”። ምስጢር የሆነው ለማን ነው? ግሽ ዓባይ ያለ ገበሬ ምንጩን ጠበል ብሎ ሲጠመቅበት ኖሯል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ደርሶ “የመጀመሪያው እኔ ነኝ” ብሎ ተከራከረ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ግን በ1618 እዚያው ቦታ ቆሞ ነበር። ሁለቱንም መንገድ ያሳያቸው የአገሩ ሰው መሆኑ በክርክሩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። “ማን ቀድሞ ደረሰ?” ብሎ መጠየቅ እዚህ ውስጥ ነው የሚከተን፦ ቀድሞ የነበረውን ሰው ከቁጥር አውጥቶ በኋላ የመጡትን ማወዳደር።

ከፒያሳ ታክሲ ተይዞ የሚደረስበት አሰሳ

አሁን ከዓባይ ወጥተን ወደ ከተማ እንመለስ። ከፒያሳ አምስት ኪሎ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው። እዚያ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ለእኔ ከጀልባው የሚበልጥ አሰሳ ተካሂዷል።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2000 በአፋር ዲኪካ ላይ ጥላሁን ገብረሥላሴ አንዲት ትንሽ ፊት ከአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ብቅ ብላ አየ። ቡድኑን የሚመሩት ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ናቸው። ሰላም ብለው የሰየሟት ይህች ሕፃን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። የምድረ በዳው ጉዞ በዚያ አበቃ፤ አሰሳው ግን ገና መጀመሩ ነበር። አጥንቷን ከድንጋዩ መለየት የሚቻለው በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ፣ ቅንጣት በቅንጣት ብቻ ነው። ይህ ሥራ ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀ፤ ውጤቱም በ2006 “ኔቸር” መጽሔት ላይ ወጣ።

ከሥራው ደጋፊዎች አንዱ ናሽናል ጂኦግራፊክ ሶሳይቲ ነበር። ይህን የምናገረው ፋውንዴሽኖች ከፈለጉ እንደሚችሉ ለማሳየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የተቋቋመውና ዝናውን በተራራ መውጣትና በምድር ዋልታ ጉዞ የገነባው ማኅበር፣ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ድንጋይ የሚፍቅበትን ሥራም ደግፏል። ዛሬ ደግሞ በሌላ አገር መሥራት የሚፈልግ አመልካች የዚያ አገር ተባባሪ በቡድኑ እንዲኖረው ይጠይቃል። 18 ዓመት የሞላው ሰው ማመልከት ይችላል። እናንተም ጭምር።

አደጋው ለማን ነው?

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሆነን ዶሮ ማነቂያን ለማጥናት አስበን ነበር። ለማያውቁት፣ ዶሮ ማነቂያ ፒያሳ እምብርት ላይ የነበረ፣ ጠባብ መተላለፊያዎቹ ሁለት ሰው ሲያልፍ ትከሻ የሚያጋጩ፣ በምግብ ቤቶቹ የሚታወቅ አሮጌ ሰፈር ነው። እኛን የሳበን ግድግዳው ነበር። የባሕር ዛፍ ማገርና ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ እንዴት ይህን ያህል ክረምት ቻለ? ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ እንደሚይዘው እናውቃለን። የእንጨቱ እግር በእርጥበት እንደሚበሰብስም እናውቃለን። ግን ተጎራብተው ከተሠሩ ሁለት ቤቶች አንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሌላው የሚያዘምመው ለምንድን ነው? የድንጋይ መሠረቱ ከፍታ ነው? የቆርቆሮው ክፈፍ ርዝመት ነው? የጎርፉ መሄጃ ነው? ይህን መመለስ የሚቻለው ብዙ ቤቶችን ለክቶ፣ ክረምት ከበጋ ተመላልሶ ብቻ ነው።

አንድ የአሰሳ ድጋፍ ማስታወቂያ አገኘንና ቅጹን መሙላት ጀመርን። “ቦታው ምን ያህል ሩቅ ነው?” ይላል። “ከዚህ በፊት ማን ደርሶበታል?” ይላል። “የሚያጋጥማችሁን አደጋ ግለጹ” ይላል። ጓደኛዬ ሳቀ። “ይሄ እኮ በሚኒባስ የሚኬድበት ሰፈር ነው፤ አደጋችን ያው ኪስ አውላቂ ነው!” አለ። ቅጹን ሳንጨርስ ዘጋነው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ሰፈሩ መፍረስ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔ የምናገረው ስለ ልኬቱ ነው። ያ ጥያቄያችን ከግድግዳው ጋር አብሮ ሄደ፤ ዛሬ ማንም ብዙ ገንዘብ ይዞ ቢመጣ እዚያ ቦታ ላይ ሊመልሰው አይችልም።

ቅጹ ላይ የነበረው ስሕተት ያኔ ገባኝ። አደጋን የሚጠይቀው ስለ ተጓዡ ብቻ ነበር፦ ይሰምጣል? ይታመማል? አቅጣጫ ይጠፋበታል? ስለሚጠናው ነገር አልጠየቀም። ዶሮ ማነቂያ ላይ አደጋ ላይ የነበርነው እኛ አልነበርንም፤ ሰፈሩ ነበር። ዓባይ ሸለቆ ለሚቀጥለው ጀልባ ይጠብቃል። የጭቃ ቤት ግን አይጠብቅም፤ የአሮጌ ግንበኛ እውቀትም አይጠብቅም።

ጥፋቱን ሁሉ ግን ቅጹ ላይ ብደፈድፈው ውሸታም እሆናለሁ። ሜትር ስንት ነው? ደብተርና እርሳስስ? ያ ሥራ የማንንም ፋውንዴሽን ፈቃድ አይፈልግም ነበር። እኛም እንደነሱ “አሰሳ ማለት ሩቅ መሄድ ነው” ብለን ስላመንን ነው እጃችንን አጣጥፈን የተቀመጥነው። አሁንም ሳስበው የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልበል። ለፋውንዴሽኖቹ፦ ቅጻችሁ ላይ ሦስት ጥያቄ ጨምሩ። ይህ ነገር እስከ መቼ ይቆያል? ስንት ጊዜ ትመለሳላችሁ? የለካችሁትን ቁጥር የሚያስቀምጠውና ነገ የሚያገኘው ማን ነው? እነዚህን የሚመልስ ሰው ጀልባም ቢፈልግ ስጡት፣ የሚኒባስ ሂሳብም ቢፈልግ ስጡት።

ለእናንተ ደግሞ፦ ሰፈራችሁ ውስጥ ከአሥር ዓመት በኋላ የማይኖር ነገር ምንድን ነው? የጭቃ ቤት ሊሆን ይችላል፣ የጉድጓድ ውሃ፣ ክረምት ላይ ብቻ የሚፈስ ጅረት፣ ወይም አንድ የሸክላ ሠሪ እጅ። ከጅረቱ ብትጀምሩ እንጨት ላይ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጋችሁ ትከሉና ጠዋትና ማታ አንብቡ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ጻፉ። ሙላት ሲመጣ ግን ከዳር ራቁ፤ አንድ ንባብ ቢዘል ችግር የለውም። የመጀመሪያው ሳምንት ይሰለቻል፣ ሁለተኛው የባሰ ይሰለቻል። በነሐሴ አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ይጥልና ጠዋት ስትወጡ ውሃው ከትናንቱ አርባ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ያን ቁጥር ከእናንተ በቀር የጻፈው ሰው አይኖርም።